ሃምሳ ስምንት ባዶ ክቦች

ጦይብ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ለገሃር ወርዶ ከሱቁ ሁለት ሜትር የሱሪ ጨርቅ ይግዛ። ሌላው ነጋዴ ጨርቁን ወጠር አድርጎ ሲለካ ጦይብ ያላላዋል፤ ሁለት ሜትር ብሎ የሚቆርጠው ሁልጊዜ ሁለት ሜትር ከአራት ጣት ነው። «ጥጥ ነው?» ብሎ የጠየቀውን ደንበኛ፣ እርግጠኛ ካልሆነ፣ «ወላሂ አላውቅም» ብሎ ይሸኘዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ነግዶ ከዚያች ጠባብ ሱቅ ንቅንቅ ያላለው በዚህ ጠባዩ ነው። ጎረቤት ነጋዴ ሁሉ መንገድ ሲወጣ የሱቁን ቁልፍ እሱ ጋ አስቀምጦ የሚሄደውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

እንግዲህ አፍራህ የዚህ ሰው ልጅ ናት። መልኳን ከእናቷ ከራሂማ ወሰደች፣ የቀረውን ሁሉ ከአባቷ። ገና ፊደል ስትቆጥር እንኳ የማታውቀው ፊደል ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች እንጂ እንደ እኩዮቿ የመጣላትን አትቀባጥርም ነበር። ጦይብ በዚህ ደረቱን ይነፋል። «የማታውቂውን አላውቅም በይ። ግምት ቁማር ነው፤ ቁማር ደግሞ ሐራም ነው» እያለ አሳደጋት።

ምክሩ ለጨርቅ ንግድ ጥሩ ምክር ነው። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግን መዓት ነው።

አምና አፍራህ ላንቻ ካለው ቤታቸው ለፈተና ስትወጣ ጦይብ በር ላይ ቆሞ ምክሩን ደገመላት። «ያወቅሽውን ሥሪ፣ ያላወቅሽውን ተዪው። ፋርማሲ ነው የምማረው ብለሻል አይደል? በግምት ያለፈች ፋርማሲስት ነገ በግምት መድኃኒት ትሰጣለች።» አፍራህ ይህን ቃል እንደ ስንቅ ይዛ ገባች። ጥያቄውን ታነባለች፣ መልሱ የሚመስላትን ታያለች፣ ግን መልሱ እሱ መሆኑን መማል ካልቻለች ክቡን ሳታጠቁር ታልፋለች። በስድስቱም ትምህርት ተደምሮ ሃምሳ ስምንት ክብ ባዶ ቀረ። የቆጠረችው ራሷ ናት።

ውጤቱ ሲመጣ ከስድስት መቶው ሁለት መቶ ዘጠና አንድ አገኘች። ለማለፍ ሦስት መቶ ያስፈልግ ነበር።

ዘጠኝ ማርክ! አንድ መቶ የጎደለው ሰው አልቅሶ ይወጣለታል፤ ዘጠኝ የጎደለው ግን ሲበላም ሲተኛም ዘጠኝ ዘጠኝ እንዳለ ይከርማል። ይባስ ብሎ የልብ ጓደኛዋ ዳናይት በሦስት መቶ ስድስት አለፈች። ዳናይት ደግሞ ነገር መደበቅ አታውቅም።

«ፊዚክስ ላይ ሰዓት አለቀብኛ!» አለቻት እየተንከተከተች። «ምን ላድርግ፣ በቃ፣ የቀረውን ሳላነበው ሲ፣ ሲ፣ ሲ እያልኩ ወረድኩት!»

አፍራህ አብራት ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን ትራሷን ነክሳ አለቀሰች። በጓደኛዋ ቀንታ ነበር፤ መቅናቷ ደግሞ አሳፈራት።

ስለ ባዶዎቹ ክቦች ለአባቷ ትንፍሽ አላለችም። ጦይብ አጠገቧ ቁጭ ብሎ «አይዞሽ፣ እስካሁን የምታውቂው ይሄን ያህል ነው ማለት ነው፤ ደግሞ ትጨምሪያለሽ» ሲላት፣ አውቅ ነበር እኮ ልትለው ፈልጋ ዋጠችው። አባቷን «አንተ ነህ የጣልከኝ» ከምትለው መውደቁ ይሻላት ነበር። ያላለፉ ተማሪዎች ዓመቱን የማካካሻ ትምህርት የሚማሩበት ሪሜዲያል ግቢ ያሏትም ነበሩ፤ እሷ ግን ለዘጠኝ ማርክ ብላ አንድ ዓመት ሙሉ እንደማታውቅ ሰው መቆጠሩ አልዋጥላት አለ። በግሏ ተመዝግባ እንደገና ልትፈተን ወሰነች። ጦይብም ተስማማ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አለ። «ካልሆነ ሱቅ ትገቢያለሽ። ንግድም ሙያ ነው።»

ጨርቅ መሸጥ ክፉ ሥራ አይደለም። አፍራህ ግን ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ነጭ ጋዋን ለብሳ ራሷን ያየችው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ ሆና ማሰብ እንኳ አልቻለችም።

ዳናይት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ወደ ጅማ ስትሄድ፣ አያቷ አቶ ወልደአረጋይ ብቻቸውን ቀሩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብና ፊዚክስ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው እንደ መጽሐፍ የጠራ ነው፤ ትግርኛው የሚቀድማቸው ሲናደዱ ብቻ ነው። ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ለልማት ከፈረሰ ወዲህ ላንቻ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ክፍሏ አልጋና መጻሕፍቱን ከያዘች በኋላ ለጠረጴዛ የሚተርፍ ቦታ አልነበራትም። አፍራህ «ያስጠኑኝ ጋሼ» ብላ በሄደች ጊዜ የተቀበሏት በር ላይ ቆመው ነው።

«መቀመጫ የለኝም» አሏት። «እግር ግን አለኝ። አንቺስ?»

እንዲህ ሆነና ትምህርቱ በእግር ተጀመረ። አቶ ወልደአረጋይ በየጠዋቱ ካዛንቺስ ሄደው ከሁለት የድሮ ወዳጆቻቸው ጋር ማኪያቶ ካልጠጡ ቀኑ የነጋ አይመስላቸውም። አፍራህ ተከተለቻቸው። ከላንቻ ተነስተው በመሿለኪያ አድርገው ለገሃርን ያልፋሉ፤ መስቀል አደባባይን ተሻግረው በባምቢስ በኩል ሽቅብ ይወጣሉ። መንገዱ ሁሉ ጥያቄ ነው። ያ አውቶቡስ መብራቱ ጋ ለመቆም ስንት ሴኮንድ ፈጀበት? ፍጥነቱስ በምን ያህል ቀነሰ? ከሚቀጥሉት አሥር ሚኒባሶች ቢያንስ የአንዱ ታርጋ በዜሮ የሚያልቅበት ዕድል ምን ያህል ነው? አፍራህ አንዳንዴ መልሱን ስታሰላ ከመብራት ምሰሶ ጋር ልትጋጭ ትደርሳለች፤ እሳቸው በምርኩዛቸው ጫፍ መለስ ያደርጓታል። ኬሚስትሪና ባዮሎጂውን ከሰዓት ሱቅ ውስጥ በጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጭ ብላ ራሷ ታነባለች።

ካዛንቺስ ሲደርሱ ቤታቸው የነበረበት ቦታ ሣርና ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። አቶ ወልደአረጋይ ግን በዚያ ሲያልፉ ጥግ ጥጉን ይዘው ይዞራሉ። «ዙሪ እንጂ፣ አልጋዬን ረገጥሽው እኮ!» ይሏታል። መጀመሪያ ሰሞን አሳዘኗት፤ በኋላ እሷም ለምዳ «ሳሎኑን ላቋርጥ ጋሼ?» እያለች ታስቃቸው ጀመር።

አንድ ቀን ካፌ ውስጥ አምሳ ጥያቄ ያለው የፊዚክስ ሞዴል ፈተና ሰጧትና እሳቸው ከወዳጆቻቸው ጋር ጨዋታ ያዙ። ስትጨርስ መነጽራቸውን አድርገው ማረም ጀመሩ። ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ቀና አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው? እርሳስሽ አለቀ?»

«የለም ጋሼ። እርግጠኛ ያልሆንኩባቸውን ነው የተውኩት።»

«ተሳስተሽ ብትገኚ ምን ይቀነስብሻል?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

አፍራህ የማኪያቶ ብርጭቆዋን በጣቷ እያዞረች የአባቷን ቃል ከነቁማሩ ነገረቻቸው።

«አምና ስንት ትተሻል?»

«ሃምሳ ስምንት።»

«ዋይ ኣነ!» አሉ ሽማግሌው፤ ትግርኛው ቀደማቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ሃምሳ ስምንት! የኔዋ ጉድ ሲ ሲ ሲ ብላ ጅማ ገብታ፣ አንቺ አውቀሽ እዚህ ቀረሽ? ዛሬውኑ ሄጄ አነጋግረዋለሁ!»

«በናትዎ ጋሼ፣ እንዳይነግሩት!» አለች አፍራህ እጃቸውን ይዛ። «እሱ ለኔ ደግ ያደረገ መስሎት ነው። እሱ እንዳጠፋ ካወቀ ራሱን ይቅር አይልም።»

አቶ ወልደአረጋይ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«እሺ፣ አልነግረውም» አሉ። «ጨርቅ ማሳየት ግን እችላለሁ።»

በማግሥቱ ከሰዓት አፍራህ ሱቅ ውስጥ ስታነብ ሽማግሌው ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ገቡ። ጦይብ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋላቸው። ሰላምታው ሲያልቅ ከኪሳቸው መዳፍ የምታህል ቡኒ የጨርቅ ቁራጭ አወጡ።

«ጦይብ፣ ይሄ ከምን የተሠራ ነው? ሱፍ ነው? ሐር ነው? ናይለን ነው? ወይስ ጥጥ?»

ጦይብ ተቀብሎ አገላበጠው። «ምልክት የለውም መምህር። እንዲሁ አይቼ አላውቅም።»

«በቃ አላውቅም በለኝና ልሂድ።»

«ቆይ እንጂ!» አለ ጦይብ። የሃያ ሁለት ዓመት ነጋዴ በጨርቅ ሲፈተን ዝም ብሎ አይሸኝም። ከጠርዙ አንድ ክር መዘዘና በላይተር ለኮሰው። ጭሱን በእጁ ወደ አፍንጫው ሳብ አደረገ። «የተቃጠለ ጸጉር አይሸትም። ስለዚህ ሱፍ አይደለም፣ ሐርም አይደለም።» የክሩን ጫፍ በሁለት ጣቱ አሸት አደረገው። «ናይለን ቢሆን ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ይሠራ ነበር፤ ይሄ አመድ ነው የሆነው። ሽታውም የወረቀት ነው።» ፈገግ ብሎ ቁራጩን መለሰላቸው። «ጥጥ ነው።»

«ገመትክ ማለት ነው?»

ጦይብ ክው አለ። «ምን ማለትዎ ነው መምህር? እኔ አልገምትም!»

«አይተህ አላወቅከውም ነበር እኮ።»

«አላወቅሁትም። ያልሆነውን አወጣሁ፣ የቀረውን ወሰድሁ።»

«ይሄ ሐራም ነው?»

«አስተግፊሩላህ! በምን ዕዳው ሐራም ይሆናል? ክሩ ነግሮኝ ነው የፈረድኩት!»

አቶ ወልደአረጋይ ከዚያ በላይ ምንም አላሉም። ቃላቸውን ጠብቀው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጣራ ጣራውን ማየት ጀመሩ። አፍራህ ግን አሁን ካልተናገረች መቼም እንደማትናገር ገባት።

«አባ» አለች። «አምና ሃምሳ ስምንት ጥያቄ ባዶ ትቼ ነው የወጣሁት።»

ጦይብ ዞሮ አያት።

«ምንም ፍንጭ ያልነበራቸውን ነው አይደል?»

«አይደለም። ብዙዎቹ ላይ ሁለቱን ምርጫ አውጥቼ ሁለት ነበር የሚቀረኝ። አንዳንዶቹ ላይማ ክሩ ተቃጥሎ ሸትቶኝ ነበር። መማል ስላልቻልኩ ነው የተውኳቸው። አንተ ተዪ ስላልከኝ።»

ጦይብ ቀስ ብሎ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ሰው ቢሆን እኔ እንደዚያ አላልኩም፣ አንቺ ነሽ ያልገባሽ ይል ነበር። ጦይብም አፉን ከፍቶ «እኔ እኮ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ብያለሁ» አለ በመጨረሻ። «በር ላይ ቆሜ ነው ያልኩሽ። ዘጠኝ ማርክ የጎደለብሽ በኔ ነው። ከዚያ ደግሞ የምታውቂው ይሄን ያህል ነው ብዬሽ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብለሽ ሰማሽኝ?» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አፉ በይኝ ልጄ።»

አፍራህ ተነስታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ስንት ወር በሆዷ ተሸክማው የነበረው ነገር ውልቅ ብሎ የወደቀላት መሰላት፤ ለቅሶም ሳቅም አንድ ላይ መጣባት። አቶ ወልደአረጋይ በምርኩዛቸው መሬቱን መታ አደረጉ።

«እንግዲህ ዘንድሮ ሁሉንም ታጠቁራለች» አሉ።

«ሁሉንም አላልኩም!» አለ ጦይብ ቀና ብሎ። «ክር ያገኘችበትን ትምረጥ። ክር የሌለውን ግን ትተወዋለች።»

«ክር ለሌለው ሲ ትበል እንጂ! አንድ አራተኛ ዕድል በነጻ እኮ ነው!»

«እሱ ቁማር ነው መምህር።»

«ሒሳብ ነው!»

«የቁማር ሒሳብ ነው!»

ሁለቱ ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ፤ ለጨርቅ ዋጋ እንኳ ጦይብ እንደዚያ ተከራክሮ አያውቅም። በስተመጨረሻ ያሸነፈው እሱ ነው፤ ልጅቱ የሱ ናታ። አፍራህም ቃል ገባች፤ ክር ያለውን ትመርጣለች፣ ክር የሌለውን ትተዋለች። አቶ ወልደአረጋይ እያጉረመረሙ ሲወጡ ጦይብ በእጃቸው የያዙትን ቁራጭ ጨርቅ እንደገና አየው።

«መምህር፣ ይሄ የመጋረጃ ጨርቅ አይደል እንዴ?»

«የራሴ ነው» አሉ ሳይዞሩ። «ከጫፉ ቆርጬው ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ሁሉ የክር ቤት ሆነ። ጦይብ ከሱቅ ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ «ዛሬ ስንት አቃጠልሽ?» ይላል። አፍራህ ጥያቄ ፊት ስትደርስ መጀመሪያ የሚሸተውን ታወጣለች፣ ቀጥሎ የሚቀልጠውን። ሞዴል ፈተና ላይ ባዶ የምትተዋቸው ከአሥራ ስምንት ወደ ስምንት፣ ከስምንት ወደ ሦስት ወረዱ። እሷንም የገረማት፣ እርግጠኛ አይደለሁም ትል የነበረው አብዛኛው ትክክል ሆኖ መገኘቱ ነው። ራሂማ ብቻ በነገሩ ተማርራ ነበር። «እናንተ ሁለት ሰዎች ልጄን አቃጥላችሁ ልትጨርሷት ነው» እያለች ሳህን ሙሉ ምግብ ከአፍራህ ፊት ታስቀምጣለች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ጦይብ እንደ አምናው በር ላይ ቆመ፤ ሊናገር አፉን ከፈተና የአምናውን አስታውሶ ገጥሞ ዘጋው። በምትኩ የእርሳስ መያዣዋ ውስጥ አንዲት ጥቅል ክር ጣል አደረገላት። ይህቺ ክር ፈተናው በሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ጉድ አፈላች። ፈታሿ ሴትዮ ብድግ አድርጋ አየቻት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ክር ነው።»

«ክር መሆኑንማ አየሁ። ለፈተና ምን ያደርግልሻል?»

አፍራህ የምትለው ጠፋት። ለሴትዮዋ ስለ ሱፍና ስለ ናይለን ልታስረዳ ብትሞክር እስከ ማታ አትገባም። ፈታሿ ጽሑፍ ተደብቆበት እንዳይሆን ብላ ክሩን እስከ መጨረሻው ተርትራ፣ ባዶዋን የካርቶን ማጠንጠኛ መለሰችላት። ከኋላ የተሰለፉት ተፈታኞች በሳቅ ፈረሱ። አፍራህም ሳቀች፤ አምና እዚህ በር ላይ እንደ ቅጠል ትርገፈገፍ የነበረችው ልጅ ዘንድሮ እየሳቀች ገባች።

ፈተናው ከባድ ነበር። ፊዚክሱ ላይ አምና አሥራ ዘጠኝ የተወችበት ወረቀት መጥቶ ከፊቷ የተቀመጠ መሰላት። ግን አንድ በአንድ ክር እየመዘዘች ወረደችበት። ይሄ መለኪያ አሃዱ አይገጥምም፣ ይውጣ። ይሄ ከብርሃን ሊፈጥን ነው፣ ይውጣ። ሁለት ሲቀሯት ደጋግማ ታይና አንዱን ታጠቁራለች። ሒሳቡም አፕቲትዩዱም እንደዚያው አለፉ፤ አንድም ባዶ ክብ አልቀረም።

በመጨረሻው ቀን ባዮሎጂ ላይ፣ አሥር ደቂቃ ሲቀር፣ አንዲት ጥያቄ ተረፈቻት። የአንድ ትል ስም ነው የሚጠይቀው። አራቱም ምርጫ ረዣዥም የላቲን ስሞች ናቸው፤ አንዱንም ሰምታው አታውቅም። አንዱን ሸተተችው፣ ሌላውን አሸችው። ምንም የለም። እርሳሷ ሳታውቀው ወደ ሲ ክብ ሄዶ ቆመ፤ የዳናይት ሳቅ በጆሮዋ መጣ። ምናልባት ጠቅላላው የሚያልቀው ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ይሆናል፤ ምናልባት ይቺ አንዲት ክብ ናት ነጩን ጋዋን የምትሰጣት። ማንም አያያት። አባቷም አይጠይቃት ይሆናል።

አምና ባዶ የተወችው ስለፈራች ነበር። ዘንድሮ ፍርሃት አልነበረባትም፤ ቃሏ ብቻ ነበር። እርሳሱን አነሳችና ወረቀቱን ገለበጠች።

ውጤቱ የተለቀቀው በአንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። አገሩ ሁሉ አንዴ ስለገባበት ድረ ገጹ አልከፈት አለ። ለገሃር ሱቅ ውስጥ አፍራህ ስልኳን ደጋግማ ትነካካለች፤ ራሂማ በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ አቶ ወልደአረጋይ የሚቀመጡበት እያለ ቆመዋል። ጦይብ ምንም እንዳልመሰለው ሰው ጨርቅ ያጥፋል፤ ያንኑ አንድ ጨርቅ አራት ጊዜ አጥፎ ፈትቶታል። በዚህ መሃል የአፍራህ ስልክ ጮኸ። ዳናይት ናት፣ ከጅማ።

«እዚህ ኔትወርክ ሰላም ነው፤ ቁጥርሽን ላኪልኝ እኔ ልይልሽ!»

አፍራህ ልትልክ ስትል ጦይብ የመመዝገቢያ ቁጥሯን አንድ አሃዝ ሳይስት በቃሉ ጮኾ ተናገረው። አፍራህ ስልኳን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ መሃላቸው ያዘችው።

«አፍሪዬ!» ብሎ ጮኸ ስልኩ። «ሦስት መቶ አርባ ሰባት! በማርያም፣ ሦስት መቶ አርባ ሰባት! ኧረ እኔንም በለጥሽኝ!»

ራሂማ እልልታዋን ስታቀልጠው የሰፈሩ ነጋዴ ሁሉ ብቅ አለ። ጦይብ ያጠፈውን ጨርቅ መሬት ላይ ዘርግቶ በሱ ላይ ለምስጋና ሱጁድ ተደፋ፤ ሱቋ ስለጠበበች ሁለት እግሩ ከበሩ ወጥቶ የእግረኛ መንገዱ ላይ ቀረ፤ አላፊ አግዳሚው ተራምዶት ያልፋል። አቶ ወልደአረጋይ መነጽራቸውን በከረባታቸው ይወለውላሉ፤ መነጽሩ ንጹሕ ነበር። አፍራህ እንደ ሕፃን እየዘለለች እናቷን ሳመች፣ ሽማግሌውን ሳመች፣ ሰላም ብሏት የማያውቀውን የጫማ ነጋዴም ሳመች።

ደስታው ጋብ ሲል ጦይብ ተነስቶ ቡኒ የጥጥ ጨርቅ ጥቅል አወረደና መቁረጥ ጀመረ። ሦስት ሜትር ለካ፣ አላላው፣ አራት ጣት ጨመረ፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ክንድ ጨመረ።

«ለመጋረጃዎ ነው መምህር» አለ። «በኔ ምክንያት ተቆርጦ ይቅር?»

ሽማግሌው ጨርቁን ይዘው ወደ ውጭ፣ ወደ ብርሃኑ ሲወጡ አባትና ልጅ ሱቁ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ጦይብ መቀሱን አስቀመጠ።

«እና» አለ ቀስ ብሎ፣ «የተውሽው ነበር?»

«አንድ» አለች አፍራህ። ይህን ሰዓት ስትጠብቀው ነበር፤ ፊቷ ፈካ። «አንዲት ብቻ። አራቱንም አየኋቸው፤ ምንም ክር አልነበራትም። ቃሌን ጠበቅሁ አባ።»

ጦይብ እጁን ልቡ ላይ አደረገ። ኩራቱ ከፊቱ አልፎ ጆሮው ድረስ ደረሰ። «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ «አልሐምዱሊላህ፤ የኔ ልጅ ናት!» ወደ ጨርቁ ተመለሰ፣ አንድ ጥቅል አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። በሩን ገልመጥ አድርጎ አየና ወደ ልጁ ጆሮ ጎንበስ አለ።

«አንድ ማርክ እኮ ነው አፍራህ» አለ በሹክሹክታ። «ምናለ ሲ ብትያት?»

ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት ነበር። በር ላይ ግን አቶ ወልደአረጋይ ጨርቁን እንደያዙ በሳቅ ተሰብረው ምርኩዛቸውን ጣሉት።